ካቴና አምጣልኝ

ደምመላሽ ዶቅዶቄዋን በበሬ እያስጎተተ እኅቱ ግቢ ሲያስገባት፣ የጣልያኑ ደም መቀመጫዋ ላይ ገና አልደረቀም ነበር። ፈለቀች ደጅ ተቀምጣ ገብስ ታበጥራለች። ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው በሬዎቹን ነው፣ ቀጥሎ ወንድሟን፣ ከዚያ ያንን በጭቃ የተለወሰ የብረት ጉድ። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ፤ ዶሮዎቹ በጠራራ ፀሐይ ሠርግ ሆነላቸው።

«ያ ዋቃ! ወንድም ጋሼ፣ ምንድን ነው ያመጣህብኝ?»

«ፈረስ ነዋ» አለ ደምመላሽ። «የጣልያን ፈረስ። ጌታዋ፣ መልእክተኛቸው፣ ቶጎና ወንዝ ውስጥ ተጋድሞ ውኃ እየጠጣ ነው። እስካሁን አልጠገበም።»

ጊዜው ጣልያን ጎባን በያዘ በዓመቱ ነው፤ መስቀል ያለፈ ሰሞን። ደምመላሽ አባታቸው ገበያ መሐል ከተሰቀሉ ጀምሮ ጫካ ነው የሚያድረው። ስሙን ያወጡለት አባቱ ናቸው፤ ነገሩን አስቀድመው ያወቁት ይመስል። ሰው ሲገድል አይቸኩልም፣ ሲምል ግን ይቸኩላል ይሉታል። የማለውን ደግሞ አያጥፍም፤ በዚህ የተነሳ ሰው ፊቱን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

የፈለቀች ባል ሠርከአዲስ ግን የጣልያን ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። መሬቱን ወሰዱበት፣ ፈረሱን ነዱበት፣ እጀ ብልህ ነው ተባለና መኪና ሥር አስተኙት። ማታ ማታ ጥቁር ሆኖ ሲመጣ ፈለቀች «የሰይጣን ሙሽራዬ መጣ» ትለው ነበር። እሱም ይስቃል። ደምመላሽ ግን ከጣልያን እጅ ደመወዝ የሚበላ ሁሉ ባንዳ ነው ባይ ነው፤ አማች ብሎ አይራራም።

ያን ቀን ሠርከአዲስ ከሥራ ሲገባ፣ ደምመላሽ ከበሩ ጀርባ ጠብቆ ጎራዴውን አንገቱ ላይ አሳረፈለት።

«እንደምን ዋልክ፣ የጣልያን ሎሌ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ሠርከአዲስ፣ አንገቱን ሳያንቀሳቅስ። «አንተስ? ቤተሰብ ሰላም ነው?»

ፈለቀች እንኳን እዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና ሳቋ ሊያመልጣት ነበር።

«ይህችን ብረት ታስጮሃታለህ» አለ ደምመላሽ። «የሰውየውን ኮት ገፍፌዋለሁ፣ መነጽሩንም። አንድ ወንድ ይለብሰውና ይቀመጥባታል። የሰፈራቸው ዘበኞች የሷን ጩኸት ሲሰሙ ማን ነህ ሳይሉ ነው በር የሚከፍቱት። ከገባን በኋላ ያለውን ለኛ ተወው። በኅዳር ሚካኤል ይህች ዶቅዶቄ ካልጮኸች፣ ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ባንዳ ነህ ማለት ነው። አንገትህን እንደ ጠቦት እቆርጠዋለሁ። ሚካኤልን!»

«ምነው ወንድም ጋሼ፣ መበለት ልታደርገኝ ነው?»

«ሌላ እድርሻለሁ» አላት፤ በሬዎቹን ነድቶ ሄደ።

ዶቅዶቄዋን ገለባ ክምር ውስጥ ቀበሯት። ሠርከአዲስ ዙሪያዋን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ነዳጅ መሄጃዋ ጭቃ ጠጥቷል፣ እሳት የምትጭረው ካንዴላዋ ረጥባለች፣ ብሎኖቿ ላልተዋል። አማቹ ተብዬው በድንጋይ ላይ ሲያስጎትታት ደግሞ ሞተሩንና የኋላ ጎማውን የሚያያይዘው ሰንሰለት ተበጥሶ መንገድ ላይ ቀርቷል።

«በጥርሴ ብሎን አልፈታ» አለ። «መሣሪያ ቤቴ ውስጥ ሊኖረኝ ይገባል። ሙሉ መሣሪያ።»

«ጋራዡ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«በሩ ላይ ማን እንደቆመ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች እንጂ። ብዙነህ ነው የቆመው። ብዙነህ ባንዳ ከመሆኑ በፊት ፈለቀችን ብሎ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ እሷ ሽማግሌዎቹን «ለጅብ እሺ እላለሁ፣ ጅብ እንኳ ሲበላ ይስቃል» ብላ መለሰቻቸው። ይቺ ቃል ከጎባ እስከ ሮቤ ገበያ ዞረች። ሰው ብዙነህን ባየ ቁጥር እንደ ጅብ ይጮህበት ነበር። ጣልያን ሲመጣ ጠመንጃ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ የጮኹበትን አንድ ባንድ አስገረፈ። አስተርጓሚም ነኝ ይላል። ሰው ሲገረፍ አጠገቡ ቆሞ፣ የተናገረውንም ያልተናገረውንም ይተረጉማል።

እንግዲህ ፈለቀች የጋራዡን ሰዎች ልብስ አጣቢ ነበረችና ወጣ ገባ ማለት ትችላለች። መጀመሪያ ያወጣችው ካቻቢቴ ነው፣ ያ ብሎን የሚያዞረው ቀጭን ብረት። ሹሩባዋ ውስጥ ሰክታው ወጣች። ብዙነህ ነጠላዋን ገለጠ፣ የልብሱን ጥቅል በሰንጢ ወጋ፣ ጭንቅላቷን ግን አልነካም።

«ምን ቅቤ ነው የተቀባሽው? ይሸታል» አላት።

«ላንተ ብዬ ነው» አለችው።

መፍቻዎቹን በሊጥ ሸፍና እዚያው ጋራዡ ውስጥ ልብስ በምትቀቅልበት ምድጃ ሙልሙል ጋገረቻቸው፣ ዳቦ መስለው ወጡ። አንዱን ብዙነህ ቀምቶ ነክሶት ቢሆን ኖሮ ጥርሱም እሷም አብረው በረገፉ ነበር። ቤንዚኑን በወተት ቅል፣ ብረት ማለስለሻውን ግራሶ በጡት ማስያዣዋ። ሞረዱ አስቸገራት፤ እሱን ጭኗ ላይ አስራ ስትራመድ ቆዳዋን ልጦ ልጦ ደሟ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ወረደ። ብዙነህ ደሙን አይቶ ፊቱን አዞረ። የሴት ደም መስሎት አፈረ፣ ደንቆሮው።

ለመሣሪያው ቤት ሠራችለት። አሮጌ አቁማዳ ገልብጣ ለያንዳንዱ ብረት በልኩ ኪስ ሰፋች። ስምም አወጣችላቸው። ካቻቢቴው «ወሬኛው» ተባለ፣ ያልገባበት ቀዳዳ የለማ። ትልቁ መፍቻ «አማቴ»፣ አንዴ ከያዘች አትለቅም። ለሰንሰለቱም ሠርከአዲስ በክንዱ ለክቶ ሰጣትና ረዘም ያለ ኪስ ሰፋች፤ ይገኛል ብላ።

የቀረችው ፒንሳ ነበረች፣ ሽቦ የምትቆርጠዋ፣ የምትጎትተዋ። ሠርከአዲስ ጠዋት ደብቆ ለፈለቀች አቀበላት፣ እሷም ቅቤ በያዘው ቅል ውስጥ አሰመጠቻት። ገና በሩን ሳታልፍ ግን የጋራዡ አለቃ፣ ካፖ የሚሉት ቀይ አንገታም ጣልያን፣ መጮህ ጀመረ።

«ፒንሳዬ ወዴት ገባች ይላል» አለ ብዙነህ፣ ሠርከአዲስ ላይ ጣቱን እየቀሰረ። «እሱን ነው ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሳ ያየሁት።»

ሠርከአዲስን ጎትተው ብረት መቀጥቀጫው ላይ ቀኝ እጁን ዘረጉት። ካፖው መዶሻ አነሳ። ፈለቀች ቅሏን እንዳቀፈች ደረቀች። አፏን ልትከፍት ስትል ባሏ አያት። ራሱን በቀስታ ወደ በሩ ነቀነቀላት። ሂጂ ነው።

መዶሻው ወረደ። አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው ድምፁ። አንዷ ጣት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ የቀሩት። ሠርከአዲስ አልጮኸም፣ ከንፈሩን ነክሶ ቆረጠው እንጂ። ብዙነህ ያልተጠየቀውን ይተረጉማል፦ «ገና ነው ይላል። ሌላም እጅ አለው ይላል።» ፈለቀች እግሯን አንዱን ካንዱ እያስቀደመች በሩን አለፈች። ቅቤው ውስጥ ፒንሳዋ ቅሉን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። እስከ ቤቷ አላለቀሰችም። ቤት ገብታ ግን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ላሟ እስክትደነግጥ ድረስ ጮኸች።

ያቺ ፒንሳ ከዚያ ወዲያ ስሟ «ጣት» ሆነ።

ሠርከአዲስን አሽቀንጥረው አባረሩት። እጁ አብጦ ዳቦ አከለ፤ በሰንበሌጥ አሰረችለት። «በቃ» አላት። «እጅ የለኝም። ወንድምሽ መጥቶ ይረደኝና ይገላገል።»

«ማል ጄታ አንተ? ምን ትላለህ? የኔ እጅ ምን ሆነ?»

«አንቺማ ብሎን አታውቂ።»

«ባል አውቅ ነበር እንዴ? ተገናኝቼ ነው የለመድኩት።»

እሱ ገለባው ላይ ተጋድሞ ይናገራል፣ እሷ ትሠራለች። ወደ ቀኝ ሲል ወደ ግራ ታዞራለች፣ ይሰዳደባሉ፣ ደግማ ታዞራለች። ካንዴላዋን በአመድ ፈተገቻት፣ ጫፏን በሞረድ ነካ ነካ አደረገቻት። የነዳጁ መሄጃ ቀዳዳ ግን ከመርፌ ቀዳዳ የጠበበ ነውና ምንም አልገባበትም። ሽቦ ያሰፋዋል ብሎ ሠርከአዲስ ከለከለ። ፈለቀች ተነስታ የጎረቤት ፈረስ ጭራ ነጭታ መጣች፤ ፈረሱ ረግጧት ጉልበቷ በልዟል። አንድ ፀጉር ሰደደችበት፣ ጭቃው እየተከተለ ወጣ። የፈረስ ፀጉሩንም ጠቅልላ አቁማዳው ውስጥ ኪስ ሰጠችው። ባሏ በዚያ ሁሉ ሕመም መሐል ሳቀ።

የቀረ ሰንሰለቱ ብቻ ሆነ። ኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ደምመላሽ ብቅ አለ። ፈለቀች ያን ሰዓት ጓሮ ላም እያለበች ነበር። እዚያ ኖራ ቢሆን ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ። ሠርከአዲስን ትኩሳት ይዞታል፣ ዓይኑ ቀልቷል፤ የጋራዥ ቋንቋ እንጂ ሌላ አልመጣለትም።

«ካቴና ብቻ ቀረኝ» አለው። «ካቴና አምጣልኝ።»

«ካቴና? ለዶቅዶቄ? ምን ያደርግላታል?»

«ኋላዋን ከፊቷ የሚያስረው እሱ ነዋ። ያለ ካቴና አትሄድም።»

ጋራዥ ውስጥ ካቴና ማለት ሰንሰለት ነው፤ ጣልያኖቹ እንዲያ ነው የሚሉት። ከጋራዡ ውጭ ያለ የጎባ ሰው ግን ካቴና የሚያውቀው አንድ ነው፦ እስረኛ እጅ ላይ የሚቆለፈውን። የደምመላሽም አባት እሱ እጃቸው ላይ እንደተቆለፈ ነው የተሰቀሉት።

«ብረቱንም አስረው ነው የሚነዱት!» አለ ደምመላሽ እየተደነቀ። «እነዚህ ሰዎች የማያስሩት የላቸውም።» ተነስቶ ሄደ።

በሚካኤል ዕለት ጠዋት አንድ ካራቢኜሬ የሚሉት የጣልያን ፖሊስ ከሮቤ መንገድ እስረኛ እየነዳ ይመጣል። እስረኛው እንዳያመልጠው አንዱን የካቴና ቀለበት ለሱ፣ ሌላውን ለራሱ እጅ ቆልፎታል። ደምመላሽ ከጥድ ላይ ወረደበት። ጣልያኑ ሽጉጡን ለማውጣት የሚፈልገው ያው የታሰረው እጁ ሆነበት፤ እሱ ሲስብ እስረኛው ይስባል። ጎራዴው አንገቱ ሥር ገባና ደሙ የእስረኛውን ፊት አጠበው። ደምመላሽ ካቴናው ቢጎተት አልወጣም አለው፤ የሞተውን እጅ ከአንጓው ላይ ቆረጠና መዝዞ አወጣው። ቁልፉን ከሟች ኪስ ያገኘው ከቆረጠ በኋላ ነው። በሱም ሁለቱን ቀለበቶች ከፍቶ እስረኛውን ፈታው፣ ሰውዬው አመሰግናለሁ ሳይል እስካሁንም ይሮጣል ነው የሚባለው።

ፈለቀች ዶቅዶቄዋን ከገለባው ከፊሏን አውጥታ ስትወለውል፣ ወንድሟ ክንዱ ድረስ ደም ለብሶ ገባ። እፊታቸው ወረወረው።

«ይኸው ካቴናህ! ሰው ገድዬበታለሁ። በል አሁን አስጩሃት!»

ሠርከአዲስ አየው። ደግሞ አየው። ከዚያ ትኩሳት ይሁን ፍርሃት፣ ሳቁ ለቀቀው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ይሄ አይደለም እኮ፣ ሰንሰለት ነው ያልኩህ፣ ሰንሰለት…»

«ካቴና ነው ያልከኝ!»

«ሰንሰለቷ ነው ካቴናዋ!»

«ትሳለቅብኛለህ?» ደምመላሽ ጎራዴውን መዘዘ። «አንተን ብዬ የሰው እጅ ስቆርጥ ውዬ፣ ትስቅብኛለህ?»

ፈለቀች መሐል ገባች። ጎራዴው ትከሻዋን ልጦ አለፈ፣ ቀሚሷ ቀላ። ያን ጊዜ ነው ጭሱ የሸተታቸው። ጣልያኖች የሞተውን አግኝተዋል፤ ከቶጎና ወዲህ ያለውን ቤት ሁሉ በየተራ እያነደዱ ይመጣሉ። ከነሱ ቀድሞ አንድ ሰው ጠመንጃውን ይዞ አቀበቱን ይወጣል።

«ብዙነህ ነው» አለች። «ግቡ! ገለባው ውስጥ ግቡ!»

ሁለቱን ወንዶች ክምሩ ውስጥ ጠቀጠቀቻቸው። ካቴናው ግን ሜዳ ላይ ቀርቷል። ምን ታድርግ፣ እንደ ዶሮ ታቀፈችው፤ ቀሚሷን ዘርግታ ላዩ ላይ ቁጭ አለች።

ብዙነህ ብቻውን ነው የመጣው፤ ሽልማት ማካፈል አይወድም።

«ፈለቀች ሆዴ፣ ደም በደም ሆነሻል።»

«ዶሮ ሳርድ።»

«ተነሺ!»

«አልነሳም፣ ሆዴን አሞኛል።»

«ዛሬ ጅቡ ማን እንደሆነ ታያለሽ» አለና በአፈሙዙ ጥርሷን መታት። አንድ ጥርሷን ከነደሙ ተፋችው። ሊደግማት ሲል ዓይኑ ከገለባው መሐል ብልጭ ያለ ብረት ላይ አረፈ። እሷን ረሳ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ጥሎ ጎንበስ አለና ገለባውን ይዝቅ ጀመር፤ የዶቅዶቄዋ መሪ ወጣ። «አገኘኋት!» እያለ እንደ ሙሽራ አቀፋት።

ፈለቀች እንቁላሏን ይዛ ተነሳች። አንዱን ቀለበት አንጓው ላይ፣ ሌላውን መሪው ሥር ያለው ብረት ላይ። ቀጭ። ቀጭ።

ብዙነህ መጀመሪያ እጁን ሳብ አደረገ፣ ዝንብ ያረፈበት ይመስል። ከዚያ ገባው። በቀረው እጁ ጠመንጃውን ሲያወርድ ገለባው ተነሳ፤ ደምመላሽ ነው። ጥይቱ የደምመላሽን ጆሮ ጫፍ ይዞት ሄደ። ደምመላሽ ጠመንጃውን ነጥቆ በሰደፉ መንጋጋውን ሰበረው፤ ጎራዴውንም አነሳ።

«ተወው!» አለች ፈለቀች።

«ለምን ብዬ?»

«የራሱ ጌቶች ይጨርሱት። አንተ ምን አደከመህ?»

ደምመላሽ ጎራዴውን አወረደ፣ ግን ወደ ሠርከአዲስ ዞረ። ደሙ ከጆሮው ይንጠባጠባል። «ዛሬ ሚካኤል ነው» አለ። «ምያለሁ። ይህች ዶቅዶቄ እንደሆነ አትሄድም። አማቼ፣ ተንበርከክ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ምን ብለህ ነው የማልከው?»

«ታውቂያለሽ።»

«ቃሉን በለው። ሚካኤል የሰማው ቃሉን ነው።»

«ካልጮኸች አንገቱን እቆርጣለሁ።»

«ትሂድ ብለሃል?»

ደምመላሽ አሰበ። ግንባሩ ተኮማተረ። «…አላልኩም።»

«እንግዲያ ጎራዴህን ያዝና ቁም!»

አቁማዳዋን ዘርግታ በወሬኛው ጠበቅ፣ በጣት ሳብ አደረገች። ብዙነህ በእግሩ ሆዷን መታት፤ በአማቴ ጉልበቱን አለችው፣ ከዚያ ወዲያ እግሩ አልተነሳም። መርገጫዋን ረገጠች። ዶቅዶቄዋ አስነጠሰች። ደግማ ረገጠች፣ ምንም። ደምመላሽ የጎራዴውን ስለት በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ሠርከአዲስ ተንበርክኮ፣ «ካንዴላዋን፣ ካንዴላዋን ጥረጊያት» ይላል። አወጣቻት፣ በቀሚሷ ጠረገቻት፣ ነፋችባት፣ መለሰቻት። አባቷን ጠራች፣ ሚካኤልን ጠራች፣ የብዙነህን እናት ሰደበች፤ በሙሉ ክብደቷ ረገጠች።

ዶቅ ዶቅ ዶቅ ዶቅ!

ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ። ደምመላሽ ሦስቴ አማተበና ጎራዴውን ሰገባው ውስጥ ከተተ። «ጮኸች» አለ። «ባንዳ አይደለህም።» አማቹን ከመሬት አነሳው።

እታች ቤት ያነዱ የነበሩት ወታደሮች ያንን ድምፅ ሲሰሙ የጠፋው መልእክተኛቸው የመጣ መስሏቸው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ እየሮጡ አቀበቱን ያዙ። ፈለቀች ከዶቅዶቄዋ ጋር ተቀብሮ የነበረውን የመልእክተኛውን ኮት አምጥታ ብዙነህ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችለት፣ መነጽሩንም ዓይኑ ላይ።

«አቤት ሲያምርብህ!» አለችው። «ያኔ እንዲህ ሆነህ መጥተህ ቢሆን እሺ እልህ ነበር።»

አቁማዳዋን አዝላ፣ ባሏን ደግፋ፣ በጓሮ ባለው ገደል ከወንድሟ ኋላ ወጣች።

ካፖው ደርሶ ያየው ይህንን ነው፦ የሞተው መልእክተኛ ዶቅዶቄ፣ የሞተው መልእክተኛ ኮት፣ የሞተው ካራቢኜሬ ካቴና ከነደሙ፣ መሐላቸው ብዙነህ። ብዙነህ የጣልያንኛ አስተርጓሚ ነው፣ ግን መንጋጋው ተሰብሯል። ዕድሜውን ሙሉ ለሌላው ሲተረጉም ኖሮ ለራሱ አንዲት ቃል አቃተው። እነፈለቀች ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነው ተኩሱን ሰሙ። አንዱ ይበቃ ነበር፣ ጣልያኖቹ ግን ጥይታቸውን አልሰሰቱለትም። ዶቅዶቄዋ ቤንዚኗ እስኪያልቅ ድረስ አጠገቡ ስትጮህ ቆየች ይባላል። ቀጥሎ የፈለቀችን ቤት ከነላሟ አነደዱት።

የሳነቴን ተራራ በብርድ አቋርጠው ሐረና ጫካ ገቡ፣ አንገቱ ወደሚባለው አገር ወገን። የሠርከአዲስ ጣቶች ተጣመው ነው የደረቁት፤ የአርበኞቹን ጠመንጃ የምትፈታውም የምትገጥመውም ፈለቀች ሆነች፣ በዚያው በዶቅዶቄዋ መሣሪያ። ሠርከአዲስ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰድባታል።

ደምመላሽም አንድ ነገር ተማረ። አማቹ ይህን አምጣልኝ ባለው ቁጥር ዱላ ያቀብለዋል።

«አፍህን አላምንም» ይለዋል። «መጀመሪያ መሬት ላይ ሳልልኝ።»

ረጅሙ የሰንሰለት ኪስ ግን ባዶ አልቀረም። ፈለቀች ያቺን ወንድሟ ከሟች ኪስ ያወጣትን የካቴና ቁልፍ ከተተችበት። ትንሽ ናትና ኪሱ ውስጥ ትጠፋለች፤ አንዳንዴ እጇን እስከ ክንዷ ከትታ ትፈልጋታለች፣ ስታገኛት ባልተነቀሉት ጥርሶቿ ትስቃለች።